ከምጣዱ ሥር ያለው ጢስ፦ ስለ አየር ንብረት ፖሊሲና ስለ ንጹሕ ኀይል መጋቢነት የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆና የጸናችው በማገዶ ነው ብል፥ ከመካከላችሁ ፈገግ የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ከተማ ባቆሙ ጊዜ፥ በዙሪያው የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለ ተመናመነ፥ ቤተ መንግሥቱና ሠራዊቱ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ልማድ ዛፍ ወዳለበት ስፍራ ሊዛወሩ ታስቦ፥ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ ቤተ መንግሥት መሠራት እስከ መጀመር ደርሶ ነበር። ያን መዛወር ያስቀረው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ የሚያድግ፥ ከተቈረጠም በኋላ ከጕቶው የሚያቈጠቍጥ ዛፍ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ መንግሥት ችግኙን ለሕዝብ አከፋፈለ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነጻ አደረገ፤ የአዲስ ዓለሙም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይህን የቈየ ነገር ማንሣቴ፥ ዛሬ እንድናገርበት የተጠየቅሁት ሙያ፥ ማለት የአየር ንብረት ፖሊሲና የንጹሕ ኀይል ፕሮግራም መጋቢነት፥ ሁለንተናው በባሕር ዛፉ ታሪክ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚገኝ ነው። ችግሩን አስቀድሞ ያየ መንግሥት አለ፤ መፍትሔ የሚሆን ፍጥረት ከሩቅ መጥቷል፤ ሕዝቡ እንዲቀበለው የግብር ምሕረት ተሰጥቷል፤ ፍሬውም ከታሰበው በላይ ሆኗል። ነገር ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ በመዝገብ ያልገባ ሌላ ወገን አለ፤ ይኸውም ከእንጦጦ ተራራ የእንጨት ሸክም አዝለው፥ ወገባቸው ጐብጦ፥ ዓይናቸው መሬት መሬቱን እያየ፥ ወደ ከተማ ሲወርዱ ስንት ዘመን ያየናቸው እናቶችና እኅቶች ናቸው። ዛፉ ከተማይቱን አጸናት፤ ሸክሙ ግን በእነርሱ ጀርባ ላይ ዐረፈ። እኔም በዚህ ሥራ ዘመኔን ካሳለፍሁ በኋላ የደረስሁበት ሐሳብ፥ የኀይል ፕሮግራም መጋቢ የሚመዘነው፥ ያሠራውን ነገር እስከ ተጠቃሚው ጓዳ ድረስ ተከትሎ፥ ሸክሙ ከማን ጀርባ ወርዶ በማን ጀርባ ላይ እንደ ተጫነ በእውነት ቈጥሮ በማወቁ ነው የሚል ነው። የቀረው ንግግሬ ሁሉ የዚህ ሐተታ ነው።

ስለ ሳይንሱ ብዙ አልናገርም፤ ለዚያ ከእኔ የተሻሉ ሊቃውንት አሉና። ይህን ያህል ብቻ ልበል። ስቫንተ አሬኒየስ የተባለው የስዊድን ጠቢብ፥ ከከሰልና ከእንጨት ቃጠሎ የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር በሰማይ ቢበዛ ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ በእኛ አቈጣጠር 1888፥ የዐድዋ ድል ዓመት መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ የባሕር ዛፍ ችግኝ በሚተከልበት ወራት፥ በስቶክሆልም ያ ስሌት ይሠራ ነበር ማለት ነው። ቻርልስ ኪሊንግ ደግሞ በሐዋይ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1958 መለካት ሲጀምር፥ ከሚሊዮን እጅ 315 ገደማ የነበረው ይህ አየር ዛሬ ከ420 አልፏል። ሙያው የተወለደው ከእነዚህ ቍጥሮች ነው።

መንግሥታት ስለዚህ ጕዳይ በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ተስማሙ፤ በ1997 በኪዮቶ፥ በ2015 በፓሪስ ውሉን አጸኑ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ2009 በኮፐንሃገን ጉባኤ፥ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአፍሪካ አፈ ጉባኤ ሆነው በቀረቡበት ጊዜ፥ ባለጸጎቹ አገሮች እስከ 2020 ድረስ ለድኾች አገሮች በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ሊያቀርቡ ቃል ገቡ፤ የራሳቸው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እንደሚመሰክረው ግን ገንዘቡ በዚያ ልክ የተገኘው በ2022 ነው። በዚህ የክርክር ሜዳ የእኛ ሰዎች ስም አልጠፋም። አቶ ገብሩ ጀምበር እንዳለው በ2017 እና በ2018 የ47ቱን እጅግ ድኻ አገሮች ማኅበር በሊቀ መንበርነት መርተው በጉባኤዎቹ ላይ ተናግረዋል። ከእርሳቸው አስቀድሞ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፥ የዕፅዋት ሊቅና የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን መሪ የነበሩት፥ ስለ ሕይወታዊ ደኅንነት የካርታኼና ፕሮቶኮል በተደራደሩበት ጊዜ የአዳጊ አገሮችን ወገን እየመሩ ከኀያላን ጋር ተሟግተዋል። የእርሳቸው ታሪክ ለወጣቶች ሊነገር የሚገባው፥ ወደ ፖሊሲ የገቡት በዕፅዋት ጥናት በር ስለ ሆነ ነው፤ የሚከራከሩበትን ቅጠል በስሙ ያውቁት ነበርና።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ኢትዮጵያ የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን እ.ኤ.አ. በ2011 አወጣች። በዚያ ሰነድ እንደ ተቈጠረው፥ በ2010 አገሪቱ የምታወጣው ጢስና አየር 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር፤ እንደ ልማዳችን ብንቀጥል በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ዕቅዱም እድገቱ ሳይቀር ልቀቱን በ150 ላይ ማቆም ነበር። ኋላ ለፓሪሱ ውል ባቀረብነውና በ2021 በተሻሻለው ቃል ኪዳን፥ እስከ 2030 ሊመጣ ይችላል ከተባለው ልቀት 68.8 ከመቶ እንቀንሳለን አልን፤ ከዚህም ከ68.8ቱ ውስጥ በራሳችን ጉልበት እንሠራዋለን ያልነው 14ቱን ሲሆን፥ የቀረው በውጭ እርዳታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህን ማስተዋል ያሻል፤ ቃል ኪዳኑን የጻፈው ሰው፥ ሌላው ሰው ከኪሱ ገንዘብ እስኪያወጣ ድረስ አምስት እጅ ከሚሆነው ሥራ አራቱ ቆሞ እንደሚጠብቅ ያውቃልና።

ከቍጥሮቹ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ግን የልቀቱ ምንጭ ነው። በዚያው ሰነድ ግማሽ ያህሉ ከእርሻና ከከብት እርባታ፥ 37 ከመቶ ያህሉ ከደን መመንጠር የሚመጣ ሲሆን፥ ከኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚመጣው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። በጀርመን ወይም በአሜሪካ የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ፥ የከሰል ማመንጫ ልዝጋ ብሎ ወደዚህ ሙያ የሚመጣ ወጣት፥ በአገራችን የሚዘጋው ማመንጫ አያገኝም፤ ኀይላችን ከቆቃ ግድብ ዘመን ጀምሮ አብዛኛው ከውሃ ነውና። በኀይል በኩል ጢሱ ያለው በምጣዱ ሥር ነው። ደኑም ቢሆን ገሚሱ ለእርሻ ሲመነጠር፥ ከቀረው የሚበዛው ለማገዶ የሚቈረጥ ነው። እንግዲህ መጋቢው መጀመሪያ ሊያውቅ የሚገባው ጓዳን ነው እላለሁ፤ ይህን በማለቴም የታላላቅ ሥራዎችን ክብር መቀነሴ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የዐባይ ግድብ፥ ድኻው ከደመወዙና ከጕሊቱ ገንዘብ አዋጥቶ ያቆመው የዘመናችን ሐውልት ነው። ነገር ግን ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ምጣዱ ያለው መንገድ ሌላ ግድብ የሚያህል ሥራ ይጠይቃል።

ስለ ምጣድ ትንሽ እንድዘገይ ፍቀዱልኝ። በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ የሚጋገር እንጀራ፥ በብዙ የገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠውን ይበላል። እሳቱ በዙሪያው ስለሚበተን ምጣዱን የሚያሞቀው ጥቂቱ ነው፤ ቀሪው ጓዳውን፥ የጋጋሪቱንም ዓይንና ሳንባ ይጐበኛል። አባቶች «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለዋል፤ ስለ ወጡ እውነታቸውን ነው፤ ስለ ማገዶው ግን ጉልቻ መለወጥ ብዙ ነገር ይለውጣል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የአገራችን ባለሙያዎች ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ የሠሩት ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ፥ እሳቱን ዙሪያውን ከልሎ የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል የሚቀንስ ነው፤ ለከሰል የተሠራው ላቀች ምድጃም ከከሰሉ ሩቡን ያህል ያድናል። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶ ሳለ፥ ለምን ቤት ሁሉ አልገባም?

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም መጋቢውን ያስተምራል። የምርት ምድጃ ከባድ ነው፤ በአህያ ተጭኖ በድንጋያማ መንገድ ሲሄድ ይሰበራል፤ ስለዚህ በቅርብ ቀበሌ የሚያመርቱ ሰዎችን ማሠልጠን ግድ ይላል፤ ሲሚንቶ ሲወደድ ደግሞ እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን ይተዋሉ። ማገዶ በገንዘብ የምትገዛ የከተማ ሴት ትርፉን በሳምንቱ በኪሷ ታየዋለች፤ እንጨቷን ከሜዳ የምትለቅመዋ የገጠር ሴት ግን የምታተርፈው ሰዓትና ጉልበት ነው፤ ምድጃ የመግዛቱን ገንዘብ የያዘው ባል ያን ሰዓት ላይቈጥረው ይችላል። ዳግመኛም ያረጀው ጉልቻ ከመጋገር በቀር ሌላ አገልግሎት አለው፤ ሌሊት ያሞቃል፥ ያበራል፥ ጢሱም የሣር ክዳኑን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቃል። አዲሱ ምድጃ እነዚህን ሁሉ ስለማይሰጥ፥ ቤተሰቡ ሁለቱንም ያነዳል። ምድጃ አከፋፍሎ ቍጥሩን በሪፖርት የሚጽፍ መጋቢ ይህን አያይም፤ በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ ጓዳውን የሚያንኳኳው ግን ያየዋል።

የባዮጋዙም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ ጀምሮ በሆላንዶች እርዳታ የተቋቋመው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ጕድጓድ ለመሥራት አስቦ፥ የሠራው ከ8,000 ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የከብት እበት ከውሃ ጋር ተደባልቆ በታፈነ ጕድጓድ ሲብላላ የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ዝቃጩም ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል። ነገር ግን ጕድጓዱ በየቀኑ እበት ይፈልጋል፤ ከእበቱ ጋር የሚተካከል ውሃም ይፈልጋል። ውሃ ከሩቅ ምንጭ በሚቀዳበት አገር፥ እንጨት ለቀማ የቀረላት ልጅ እንሥራዋን አንሥታ ደጋግማ ወደ ምንጭ ትወርዳለች ማለት ነው። በዚህ ላይ የጋዙ ነበልባል ለሻይና ለወጥ እንጂ ለሰፊው ምጣድ ብዙ ዘመን አልተመቸም፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ማገዶ የሚፈጀው ደግሞ ምጣዱ ነው። በቢሮ የተቀመጠ ሰው ይህን ዐይነት ነገር ካልጠየቀ በቀር ማንም አይነግረውም፤ ሰዉ እንግዳ አክባሪ ስለ ሆነ፥ «ደኅና ነው፥ እግዜር ይስጥልን» ይለዋል።

ኤሌክትሪክ ምጣዱስ? አንዱ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም 10 ዋት የሚፈጁ ከ300 በላይ አምፖሎች በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። በበዓል ዋዜማ የሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በአንድ ሰዓት ሲሰካ፥ ለአምፖል የታሰበው ትራንስፎርመር ምን እንደሚገጥመው በሰፈራችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማዳረስን ሥራ የያዘ መጋቢ፥ መስመሩ ደረሰ ሲባል ሥራው አለቀ ማለት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ማዳረሻ ፕሮግራም፥ በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ ያገኘው ሕዝብ 44 ከመቶ፥ ከዚህም 11ዱ ከመስመር ውጭ በሶላር መሆኑን ጽፎ፥ በ2025 ሁሉም እንዲያገኝ ወስኖ ነበር፤ ዓመቱ አልፏል፥ ብዙ ሚሊዮን ቤተሰብ ግን ዛሬም በኩራዝና በባትሪ ያመሻል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚኖሩት ሽቦው በራሳቸው ላይ እያለፈ ነው፤ የቆጣሪና የቤት ውስጥ ዝርጋታ ገንዘብ ስላጡ፥ ወይም ትራንስፎርመር ስላልተተከለላቸው።

በዚህ ሥራ ገንዘብ እንዴት እንደሚፈስ ማወቅም የሙያው ክፍል ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ለኤሌክትሪክ ማዳረሻ የፈቀደው 375 ሚሊዮን ዶላር፥ ለዕቃ ግዢ ደረሰኝ እየታየ የሚከፈል ሳይሆን፥ በውል የተጻፈው ውጤት መገኘቱን ገለልተኛ መርማሪ ሲያረጋግጥ የሚለቀቅ ነው። ይህ ሥርዐት መልካም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ውጤት ተብሎ የተጻፈው ነገር «የተገናኘ ቤት» ከሆነ መጋቢው ቤት ያገናኛል፤ «በዓመቱ መጨረሻ መብራት ያለው ቤት» ከሆነ ግን ምሰሶውን ይጠብቃል፥ ፊውዙን ይቀይራል። ውሉን የሚያረቅቀው ሰው በዚያች በአንዲት ሐረግ ምክንያት የብዙ ቤት ምሽት በእጁ ነው። የጥገናን ነገር ከአሉቶ ላንጋኖ መማር ይቻላል፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መባቻ 7.3 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የአገራችን የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ጣቢያ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው ተቋርጦ ኋላ በከፊል ተጠግኗል። ለምረቃ ሪባን የሚቈርጥ ባለሥልጣን ሁልጊዜ ይገኛል፤ ለጥገና በጀት የሚከራከር ግን ጥቂት ነው። በነፋሱ በኩል የተሠራው ሥራ ደስ ያሰኛል፤ በመቐለ አጠገብ የአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፥ በአዳማ ሁለቱ ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት፥ ውሃው በሚጐድልበት በበጋ ነፋሱ ስለሚበረታ፥ ለድርቅ ዘመን መጠባበቂያ ናቸው፤ ዝናም በጐደለባቸው ዓመታት መብራት በፈረቃ ሲታደል ያየ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ስለ ካርቦን ሒሳብ መናገር አለብኝ፤ ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ የሚጠይቁኝ ስለ እርሱ ነውና። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ አንድ ማኅበር ጢስ እንዳይወጣ ወይም ዛፍ እንዲያድግ ካደረገ፥ ያዳነው ቶን ተቈጥሮ ለውጭ ገዢ ይሸጣል። ችግሩ የሚቈጠረው ያልሆነ ነገር መሆኑ ነው። ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ዛፉ ያለ እርሱም ያድግ ነበርን? ተራራው ሲከለል ከብቱ ወደ ማን መሬት ሄደ? ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደኑ ቢቃጠል የተሸጠው ቶን ወዴት ይመለሳል? የመናፍስትን ቍጥር የመጻፍ ያህል የሚያስቸግር ሥራ ነው፤ ግን ሊሠራ ይቻላል።

በወላይታ የሁምቦ ተራራ ለዚህ ምስክር ነው። ተራራው ለማገዶና ለከሰል ተራቍቶ፥ ጐርፍ እየወረደ የታችኛውን እርሻ ይጠርግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ደጋፊነትና በዓለም ባንክ የካርቦን ገንዘብ፥ 2,728 ሄክታር ተከልሎ፥ ቶኒ ሪናውዶ የተባለው አውስትራሊያዊ የእርሻ ባለሙያ በኒጀር አገር ያዳበረው ዘዴ ተሠራበት፤ ይኸውም በአብዛኛው አዲስ ችግኝ በመትከል ፈንታ፥ ከሞተ ከሚመስለው ጕቶ ሥር የሚወጣውን ቅርንጫፍ መርጦ፥ ሌላውን ገርዞ፥ ማሳደግ ነው። መሬት ውስጥ ያለው ሥር ስላልሞተ፥ ዛፉ በጥቂት ዓመት ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ሥርዐት መዝግቦት፥ በአፍሪካ በዚህ ስፋት የመጀመሪያው የተመዘገበ የደን ካርቦን ሥራ ሆነ፤ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ይይዛል ተብሎ ተገመተ። ሕዝቡ በመጀመሪያ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ጥርጣሬውን ያስወገደው ግን ስብከት አልነበረም፤ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብታቸው በጽሑፍ ስለ ተሰጣቸው፥ ሣሩን እያጨዱ ከብት እንዲቀልቡ፥ ከሚገረዘውም ቅርንጫፍ ማገዶ እንዲያገኙ ስለ ተፈቀደላቸው ነው። ካርቦኑ የተገኘው ሣሩ፥ ማገዶውና ወረቀቱ ከተገኙ በኋላ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ፕሮጀክት ሲከናወንለት አላየሁም።

በምድጃ ካርቦን ላይ ግን ንግዱ ከእውነቱ ርቆ ሄዷል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፥ ከተለያዩ አገሮች የመረመሯቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች አድነናል ብለው የሸጡት ቶን፥ በእውነት ካዳኑት 9 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አሳዩ። ምክንያቱ ቀደም ብዬ የተናገርሁት ነው፤ አሮጌው ጉልቻ አሁንም እንደሚነድ አልቈጠሩም፤ የሚነደውም እንጨት ሁሉ ደን የሚያጠፋ እንደ ሆነ አድርገው ገመቱ፤ ከጓሮ ባሕር ዛፍ የሚቈረጠው ግን እንደገና ያቈጠቍጣል። ይህ ስሕተት ሁሉ በክፋት የመጣ አይመስለኝም፤ ቍጥሩ ሲበዛ ሻጩም፥ ገዢውም፥ መዝጋቢውም ስለሚደሰቱ፥ ቍጥሩን ዝቅ ሊያደርግ የሚደክም ማንም አልነበረም። ለዚህ ሥራ የምንፈልገው ሰው ቍጥሩን ዝቅ ለማድረግ የማይሰንፈውን ነው።

ምን ልማር? ለሚሉኝ፥ ምሕንድስናም፥ ምጣኔ ሀብትም፥ ሕግም፥ የደን ትምህርትም ያደርሳል እላቸዋለሁ፤ ከየትኛውም በር ብትገቡ ግን ሒሳብ አያያዝና የናሙና ጥናት ሳታውቁ አትግቡ። አንድ ምድጃ ያተረፈው ማገዶ የሚታወቅበትን ዘዴ ልንገራችሁ፤ ረቂቅ ነገር የለበትም። በጥቂት ቀናት ውስጥ በየማለዳው የቤቱን እንጨት በእጅ ሚዛን ትመዝናላችሁ፤ እርጥበቱን ትለካላችሁ፤ በማዕድ የተቀመጠውን ሰው፥ ሕፃኑን በሕፃንነቱ፥ ዐዋቂውን በዐዋቂነቱ ትቈጥራላችሁ፤ እንግዳ የመጣበትንና የጾም ቀኑን ትጽፋላችሁ፤ ያንኑ ምድጃው ባልገባበት ቤት ትደግሙታላችሁ። የሚያደክም ነው፤ አበሉም ከሆቴል ስብሰባ አበል ያነሰ ነው።

የሥራ ቦታን በተመለከተ፥ ሁሉም ዐይኑን የሚጥለው በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴርና በገንዘብ ሚኒስቴር ባለው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ፈንድ፥ ወይም በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ላይ ነው፤ በዚያ ያለው ወንበር ጥቂት፥ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። በክልል የውሃና ኢነርጂ ቢሮዎች፥ በኤሌክትሪክ አገልግሎት የወረዳ ጣቢያዎች፥ ሶላር በሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ ግን ቈጥሮ የሚጽፍ ሰው ጠፍቷል። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን አልደብቅም። ወደዚያ የምትሄዱም፥ ወደ ወላይታ ከሆነ ወላይትኛ፥ ወደ ሶማሌ ከሆነ ሶማልኛ፥ ወደ አፋር ከሆነ አፋርኛ አስቀድማችሁ ጀምሩ፤ በአስተርጓሚ የሚጠየቅ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ለቤቱ አባወራ ይደርሳል እንጂ፥ ምጣዱን ለያዘችው ሴት አይደርስምና።